በመዳፌ አልጠጣሁም

እንደምናገረው አርገሽ ጻፊው። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ አንቺ ተምሬያለሁ ብለሽ ደግሞ እንዳታሳምሪብኝ።

ይህን ነገር ያስነሳሽው አንቺ ነሽ። ባለፈው ከኮሌጅሽ መጥተሽ ስልክሽን ከፈትሽና ታነቢልኝ ጀመር። አሜሪካን አገር ድሮ፣ ፊልም የሚሉት ነገር በተጀመረ ጊዜ፣ ነጩ ፊቱን ጥላሸት ተቀብቶ ጥቁር ነኝ እያለ ይጫወት ነበር አልሽኝ። ጥቁሩ ራሱ በር ላይ ቆሞ ያያል። ካስገቡትም አሽከር ነው፤ ሴቷም ገረድ ናት። ሳህን ይዛ ትገባለች፣ ሳህን ይዛ ትወጣለች። ብልህ ብትሆንም ሞኝ ሁኚ፣ ዓይንሽን አፍጪ፣ ጥርስሽን አሳዪ ይሏታል። ነጭና ጥቁር ሲፋቀሩ እንዳይታይም ከልክለው ነበርና፣ የጥቁር ልጅ ታሪክ ሲሠሩ እንኳ ቦታውን ለነጭ ይሰጡታል። ሠርተው ሲጨርሱ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ጥቁሮቹ ከነጮቹ ጋራ አይቀመጡም፣ ለብቻቸው ላይ ሰገነት ላይ ነው አልሽኝ።

አንቺ እንባሽ መጣ። እኔ ሳቅሁ። ተቆጣሽኝ።

«ምኑ ነው የሚያስቅሽ አያቴ?»

«ያን ፊልም አውቀዋለሁ» አልሁሽ።

«የት አይተሽው?»

«ዘጌ።»

እንግዲህ ያን ጊዜ አንቺ ለትምህርት ሌላ አገር ነበርሽ፤ ወሬው ነው እንጂ ነገሩ አልደረሰሽም። ልንገርሽ።

እኛን ሌላው ሰው ወይጦ ይለናል። እኛ ራሳችንን ነገደ ነው የምንለው። ባሕር ዳር ሆቴል የሌላት፣ አስፋልት የሌላት ጊዜ፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አፍ ላይ ደንገል የምናጭድ እኛ ነበርን። ወንዱ ከደንገሉ ታንኳ ያስራል፣ ሴቷ ሰፌድና እንቅብ ትሰፋለች። ጉማሬ በሊታ ይሉናል። አያቶቻችን በልተዋል፤ አልደብቅም። ዛሬ ጉማሬውም የለ፣ የሚበላውም የለ፣ ስሙ ግን አልሞተም።

እናቴ እንቅብ ልትሸጥ ወደ ደጋው ስትወጣ እኔን ታስከትለኛለች። ከመውጣታችን በፊት ሐይቁ ዳር ጎንበስ ትልና ትጠጣለች። እኔንም «ጠጪ» ትለኛለች። «አልጠማኝም» ስላት «ሆድሽ እስቲወጠር ጠጪ» ብላ ራሴን ትይዘኛለች። ሴቶቻችን ሁሉ እንዲያ ነበሩ። ሳይጠጣ ለንግድ የሚወጣ የለም። ምክንያቱም የደጋው ሰው ቤት ስትደርሺ አጥሩ ላይ ስባሪ ሽክና ተንጠልጥላለች። ለኛ ነች። እሷም ከሌለች መዳፍሽን ዘርግተሽ ትንበረከኪያለሽ፣ ሴትዮዋ ማሰሮውን ከፍ አርጋ፣ እንዳይነካን ከፍ አርጋ ታፈስልሻለች። በሌላ በሌላው አይስማሙም እንጂ በዚህስ ክርስቲያኑም እስላሙም ይስማማል። እናቴ በዚያች ሽክና አልጠጣችም፤ በመዳፏም አልጠጣችም። ምላሷ ደርቆ ላንቃዋ ላይ እየተጣበቀ ትመለስና ሐይቁ ላይ ትወድቅበታለች። እኔም ይኸው ዛሬ ቧንቧ በየደጁ ገብቶ ገበያ ስወጣ ቤቴ ጠጥቼ ነው የምወጣ።

ያ ዓመት ክረምቱ ወጥቶ፣ ሐይቁ ሞልቶ፣ ደንገሉ ረዝሞ ነው። ከአዲስ አበባ ልጆች በመኪና መጡ። ፊልም እንሠራለን አሉ። አለቃቸው ቆብ ወደኋላ የገለበጠ ወጣት ነው፣ ዳይሬክተር ይሉታል። ክፉ ልጅ አልነበረም። ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም የሚል። ታሪኩን ነገረን፤ የዘጌ ባለ ቡና ጌታ ልጅ ከነገደ ልጅ ጋራ ይፋቀራል፣ ወላጆቹ እንቢ ይላሉ፣ ልጁ ግን ይዟት ይሄዳል። ሰፈሩ እልል አለ። ስለኛ ፊልም የሚሠራ ሰው ይመጣል ብሎ ማን ገምቶ።

ከሁሉ ይበልጥ የተደሰተው አጎትሽ ነው። ልጄን ታውቂዋለሽ፣ ከቀበሌም ከማንም ጋራ የሚናገርልን እሱ ነው። በዚያ ሰሞን አጥር እየገፋ እየገፋ ከሐይቁ ያርቀን ነበር። ዛሬ አንዱ መዝናኛ ይላል፣ ነገ ሌላው መናፈሻ ይላል። አጎትሽ «እማዬ፣ ሰው በፊልም ካየን ያውቀናል። ካወቀን ደግሞ ከዚህ ተነሱ ለማለት ያፍራል» አለኝ። እኔም ልክ ነው አልሁ።

ልጅቱን ሆና የምትጫወት እንመርጣለን ብለው ልጃገረዶቹን አሰለፉ። ትንሿ አክስትሽ ተሰለፈች። አልቅሺ አሏት፣ አለቀሰች። ተቆጪ አሏት። ዳይሬክተሩን አጥር ሊገፋ እንደመጣ ሰው አርጋ «አንት ልጅ፣ ቆብህን አዙረህ ልባችንን ልታዞር ነው የመጣህ?» ብላ ስትጀምረው ልጆቹ ሥራቸውን ትተው አጨበጨቡ። እሱም «አለቀ፣ ይቺ ናት» አለ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

በሳምንቱ ሌላ መኪና መጣ። ቀይ፣ ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ የሚወርድ ልጅ ከውስጡ ወረደች። ተዋናይ ናት አሉ፣ በቴሌቪዥን ትታያለች። አንድ ጎረምሳ የቀለም ሳጥን ይዞ ከእኔ ቤት ጅባ ላይ አስቀመጣትና ከአንገቷ ጀምሮ እስከ ጥፍሯ አጠቆራት። የአክስትሽን ቀሚስ ተውሰው አለበሷት። አክስትሽንም «አንቺ ደንገል ተሸክመሽ ከኋላዋ ታልፊያለሽ» አሏት።

ዳይሬክተሩን ጠራሁት።

«ልጄ ጎበዝ ናት ብለህ አልነበር?»

«በጣም ጎበዝ ናት ማዘር። ግን ተመልካች የሚያውቀው ፊት ይፈልጋል።»

«ካላሳየኸው በምን ያውቀዋል?»

«እሱማ... ደግሞ ዋናው ተዋናይ እጇን ሲይዛት...» አለና አቆመ።

«ሲይዛት ምን?»

«ሰው እንዳይከፋው ብለን ነው ማዘር።»

ገባኝ። የውሸት ወይጦ ከሆነች እጇ ይያዛል። የእውነቷ ከሆነች አይያዝም።

ቀይቱ ልጅ ግን ጨዋ ነበረች። የሐይቁን ወበቅ ታውቂያለሽ፣ ቀለሙ እየቀለጠ ጅባዬ ላይ ይንጠባጠባል።

«እማማ ይቅርታ፣ ምንጣፍዎን አቆሸሽኩት» አለችኝ።

«ይታጠባል ልጄ።»

ቆየት ብላ ክንዷን ከክንዴ አጠገብ አስተካክላ አየች። «እንዴ» አለች። «እኔ እኮ ከእርስዎ ጠቁሬያለሁ።»

እውነትም ጠቁራለች። አሁን እኔና የማዶው አራሽ በምን እንለያያለን? ፀሐይዋ የሁላችንንም ጀርባ እኩል ነው የምታቃጥለው። እነሱ ግን ወይጦ ሲሉ በልባቸው የሚያዩት ቀለም ሌላ ነው። የቀቡት እሱን ነው።

«ለምን ልጅዎን ሳይወስዱ ቀሩ?» አለችኝ።

«አንቺን ስላገኙ» አልኋት። አንገቷን ደፋች። እሷን ምን እላታለሁ፣ እንጀራዋ ነው።

ከዚያ ወደኔ መጡ። ደጃፌ ተቀምጬ እየሰፋሁ ሳለ ዳይሬክተሩ ቆሞ ያየኛል፣ ይዞራል፣ ያየኛል። «ይቺን ፊት እፈልጋታለሁ» አለ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ሻሼን አጠብሁ። አጎትሽማ ሰፈሩን ሁሉ ዞሮ «እናቴ ፊልም ልትሠራ ነው» አለ። ያቺ ትንሿ ልጁ፣ ያኔ ገና መናገሯ ነው፣ «አያቴ ቴሌቪዥን ውስጥ ትገባለች፣ በየት በኩል ነው የምትገባው?» እያለች ታደርቀኛለች።

በበነጋው ከአጎትሽ ጋራ ዘጌ ሄድን። እኛ የታንኳ ልጆች በሞተር ጀልባ ተሳፈርን። እንደልማዴ ጠጥቼ ነው የወጣሁ። ቡናው መሐል አንድ ትልቅ የድሮ ቤት ተከራይተዋል። በፊልሙ የቤቱ እመቤት የምትሆነው ደግሞ የባሕር ዳር ሴት ናት፣ ቲያትር የምትሠራ፣ ወርቁን እስከ ጡቷ አውርደውላታል። ዳይሬክተሩ እጄን ይዞ በሩ ላይ አቆመኝ።

«ማዘር፣ እርስዎ እንቅብ ሊሸጡ መጥተዋል። ጠምቶዎታል። እዚህ ይንበረከካሉ። እመቤቲቱ ከላይ ትቀዳለች፣ እርስዎ በመዳፍዎ ይጠጣሉ። ከዚያ መሬቱን ስመው ይሄዳሉ።»

«ምን እላለሁ?»

«ምንም። ቃል የለዎትም።»

«ሰው ውሃ ጠጥቶ ይስጥልኝ አይልም?»

ሳቀ። «ፊትዎ ይበቃል።»

ልቤ ቀጥ አለች። ልጄ፣ ስድስት ልጅ ወልጄ አራቱን ቀብሬያለሁ፣ ልቤ እንዲያ ቀጥ ስትል ግን አላውቅም።

«ይህን ማን ነገረህ?» አልሁት።

«አጥንተናል ማዘር። በድሮ ጊዜ እንዲህ ነበር።»

«ነበር። እንዳልኸው ነበር። እናቴ ግን አልጠጣችም።» የእናቴን ነገርሁት። ጆሮውን ሰጥቶ ሰማኝ። ሰምቶ ሲያበቃ፣

«ማዘር፣ ይሄ እኮ ትወና ነው። የውሸት ነው» አለ።

«ለሷ የውሸት ነው» አልሁት፣ ባለወርቋን እያሳየሁ። «ማታ ወርቁን አውልቃ ቤቷ ትገባለች። እኔ ማታ የምገባ ያንኑ ሆኜ ነው።»

አጎትሽ ክንዴን ይዞ ቡናው ሥር ወሰደኝ።

«እማዬ፣ እባክሽ ከነዚህ ሰዎች አታጣዪኝ።»

«አንበርክከው ሊያጠጡኝ ነው።»

«ሰምቻለሁ። ሰው አይቶ ይዘንልናል። ያለቅስልናል። ምን ቸገረሽ?»

«የሚያለቅስልህ ሰው ከላይ ሆኖ ነው የሚያይህ ልጄ። ሲያለቅስ ውሎ ማታ አጥሩን አይመልስልህም።»

«እንቢ ካልሽ ሌላ ሰው ያስገባሉ። ነገሩ አይቀር።»

«ይግባ። ያቺ ልጅህ ግን ስታድግ አያቷን ፈልጋ ፈልጋ መሬት ላይ ተንበርክካ ታግኛት? ደጋግማ ትያት? እኔ ከሞትሁ በኋላም ትያት? ፊልም እኮ አይሞትም፣ አንተ ነህ የነገርኸኝ።»

ተቆጥቶ ትቶኝ ሄደ።

እኔም ሄጄ በሩ ላይ ቆምሁ። እሺ ያልሁ መሰላቸው። «አክሽን» አለ ልጁ። ሴትዮዋ ጆጉን ከፍ አርጋ ቀዳች። እኔ እጄን ነጠላዬ ውስጥ አርጌ ቆሜያለሁ። ውሃው መሬት ወርዶ የእሷኑ ቀሚስ ረጨው።

«ካት። ማዘር፣ እጅዎን ይዘርጉ እንጂ።»

እንደገና ጀመሩ። እንደገና ቀዳች። እኔ «እመቤቴ፣ ብርጭቆ የለሽም እንዴ? ይህን ሁሉ ወርቅ ይዘሽ» አልኋት። ሴትዮዋ መያዝ አቃታትና በሳቅ ፈረሰች። ካሜራውን የያዘውም ሳቀ። ለሦስተኛው አልጠበቅኋቸውም። ደፉን አልፌ ገብቼ መደቡ ላይ ተቀመጥሁ። እናቴ በሕይወቷ ያላለፈችውን ደፍ።

ዳይሬክተሩ ቆቡን አውልቆ ከጎኔ ተቀመጠ። ደክሞታል።

«ማዘር፣ እኔ ይህን የማሳየው እንዲወገዝ ነው።»

«ደግ። እንዲወገዝ ከሆነ ካሜራህ ለምን እኔ ላይ ዞረ? ነውሩን የሠራች እኔ ነኝ? እጇ ላይ አርገው፣ ከላይ የምታፈሰው እጅ ላይ። ፊቷን አሳየኝ፣ ስታፈስ ምን እንደምትመስል ሰው ይይ።»

«ታሪኩ የእርስዎ ሕዝብ ታሪክ ነው እኮ።»

«የኔ ታሪክማ ያልጠጣሁበት ነው።»

እኔም ከተናገርሁ አይቀር ብዬ ጨመርሁ። «ካልሆነ እንዲህ እናድርግ። ያቺን ቀይ ልጅ ቀብታችሁ ወይጦ ብላችኋታል። እኔን ደግሞ ያንን ወርቅ አጥልቃችሁ እመቤት በሉኝ። እኔ ልቅዳ፣ ይቺ ባለወርቅ ትንበርከክ።»

ባለወርቋ ከት ብላ «ኧረ እማማ፣ እሱን ማን ያምናል?» አለች።

«ያኛውን ማን አመነ?»

በዚህ የሳቀም ያልሳቀም አለ። ዳይሬክተሩ ግን ተነሣ። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነበር፣ ቀኑ ሊመሽበት ነው። «በቃ፣ ሌላ ሰው አምጡ» አለ። ለልጆቹ ወጥ የምትሠራ የከተማ ሴት ነበረች፣ ጠይም፣ ልጆች ያሏት። እሷን አስቀመጡና ያ ጎረምሳ ቀባት። መጨማደዱንም ሣለላት፣ የኔን ፊት እያየ ነው የሣለላት። ተቀብታ ስታልቅ ወደኔ መጣች።

«እቴቴ፣ አይቀየሙኝ።»

«አንቺን ምን ብዬ እቀየማለሁ። ብቻ ሲቀዳልሽ ቀና በይ፣ ዓይን ዓይኗን እያት።»

ተንበረከከች። ቀና አላለችም፣ አትበይ ብለዋት ይሆናል።

አንዱ ልጅ ሮጦ መጣና «ማዘር፣ እንቅቡን ይተዉልን፣ ለሥራ ነው» አለኝ። «እኔ ካልሠራሁ እንቅቤም አይሠራም» አልሁትና ብድግ አርጌ ሐይቁ ዳር ሄድሁ። ከዚያ ቤት ሌላ እንቅብ ተውሰው ሠሩ። እሱም ቢሆን የኛው ሴቶች የሰፉት ነው፣ ዘጌ ሌላ እንቅብ ከየት ይመጣል።

አጎትሽ ከዚያ ወዲህ አኮረፈኝ። ቤት ይገባል፣ ሰላም ይላል፣ ይወጣል። የሰፈሩም ሴቶች ሁለት ሆኑ። አንዷ «ደግ አረግሽ» ትለኛለች። ሌላዋ «ኩራት እራት አይሆንም» ትለኛለች። «ለእራትማ ሐይቁ አለ፣ ዓሣው መች አለቀ» እላታለሁ። አክስትሽም እንቢ ትበል ብዬ አላስገደድኋትም፤ ደንገሏን ተሸክማ አለፈች።

አንቺ ያነበብሽልኝን የአሜሪካን ሴቶች፣ ሳህን ይዘው የገቡትን፣ አንዳንድ ሰው ይወቅሳቸዋል አልሽኝ። እኔ አልወቅስም። ልጅ ያሳደገ ሰው አይወቀስም። ወጥ ሠሪዋንም አልወቅሳት። እኔ የምወቅሰው ሌላ ቦታ ላንቺ የለም ያላትን ነው። እሱ ሰውዬ በያገሩ አለ ማለት ነው።

ፊልሙ አልቆ ባሕር ዳር አዳራሽ ውስጥ ሲታይ ተጠራን። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ታጥቦ፣ ሽቶ ተቀብቶ ሄደ። በር ላይ የቆመው ልጅ «ከፊት ለክብር እንግዶች ነው፣ እናንተ ከኋላ» አለን። ከግድግዳው ሥር ሰደደን። እንግዲህ ሰገነት ስትይኝ የሳቅሁት ለዚህ ነው። የነሱ ሰገነት ቢያንስ ከፍ ይላል፣ ደህና ያያሉ።

መብራቱ ጠፋ። ያቺን ትንሿን ጭኔ ላይ አስቀምጫታለሁ። አጎትሽ ከጎኔ ነው፣ ኩርፊያው ገና አልወጣለትም። ሐይቁ መጣ፣ ታንኳው መጣ። ያማረ ነው፣ አልክድም። ቀይቱ ልጅ ጠቁራ ስትመጣ አዳራሹ አጨበጨበ። አክስትሽ ጀርባዋ ብቻ አለፈ። ኋላ ያ በር መጣ። ወጥ ሠሪዋ ተንበረከከች፣ መዳፏን ዘረጋች፣ ውሃው ከላይ ወረደ። ካሜራው እሷ ላይ ቆሞ ቀረ። መጠጣቷን፣ ውሃው በክርኗ መውረዱን፣ መሬት መሳሟን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ያሳያል። ባለወርቋ ከወገቧ በላይ አትታይም። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች «ውይ፣ ውይ» እያሉ መሐረብ አወጡ።

ትንሿ ልጅ አገጬን ይዛ አዞረችኝ።

«አያቴ፣ አንቺ የታለሽ?»

«የለሁም።»

«ያቺ አንቺ አይደለሽም?»

«አይደለሁም። እሷ ተቀብታ ነው።»

«ለምን ተቀባች?»

ድምፄን አልቀነስሁም። «እኔ በመዳፌ አልጠጣም ስላልሁ። እኛ ውሃችንን ጠጥተን ነው የምንወጣ።»

ከፊት ያሉት ዞሩ። አንድ ከረባት ያሰረ ሰው «እማማ፣ ፊልም እያየን ነው፣ ዝም ይበሉ» አለኝ። እኔ ልመልስለት አፌን ሳልከፍት አጎትሽ ተነሣ።

«ተዋቸው ወንድም» አለው። «እናቴ ናቸው። ይናገሩ።»

ሰውዬው ወደፊት ዞረ። አጎትሽ ተቀመጠ። እኔም እስቲያልቅ ድረስ፣ ልጅቱ የጠየቀችኝን ሁሉ መለስሁላት። ይህ ታንኳ የማን እንደሆነ፣ ያቺ ጀርባዋ የሚታየው ማን እንደሆነች፣ የማን ቀሚስ እንደተለበሰ። ከኛ ረድፍ ያሉትም እያዳመጡ እነሱም ይጨምሩ ጀመር። ከፊት ደግሞ ማንም ዝም በሉ አላለንም።

በበነጋው ልጆቹ ሐይቁ ዳር እየተጫወቱ ይፎካከራሉ። አንዱ «የኔ አባት ሲቀዝፍ ታየ» ይላል፣ ሌላዋ «የኔ እናት ሦስት ጊዜ አለፈች» ትላለች። እኔ ደንገል እየሰነጠቅሁ እሰማለሁ። ያቺ ትንሿ እጇን ወገቧ ላይ አርጋ መሐላቸው ገባች።

«የኔ አያት» አለች፣ «የለችበትም።»